የኳየር ልጆቼ ድምፅ እየተዘጋ ነው፤ የማጠፋው ምን ይሆን?

የአራት ኪሎው መምህር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት። የሙዚቃ መምህር አይደለሁም፣ የማስተምረው ታሪክ ነው። ግን አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኳየር ክበቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። 34 ልጆች አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ የወላጆች ቀን አለ፣ ስድስት ዜማ ይዘን እንወጣለን። እስከዚያ ግን የልጆቹ ድምፅ አንድ በአንድ እየሄደብኝ ነው።

ሶሎ የያዘችው ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። ድምፅዋ ከሻከረ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ይጠፋና አየር ብቻ ይወጣል። ጉንፋን የለባትም፣ ጉሮሮዬንም አያመኝም ትላለች። ሌሎች አራት ሶፕራኖዎች (ከፍተኛውን ድምፅ የሚይዙት) ደግሞ ከልምምድ በኋላ ይዘጋቸዋል፣ ሲያድር ይመለሳል፣ በማግስቱ ያው ነው።

ልጅቷን በሹክሹክታ ብቻ እንድታወራ ነግሬያታለሁ። እናቷ ዝንጅብል በማር ታፈላላታለች። አንድ ባልደረባዬ ጥሬ እንቁላል ትጠጣ ብሏል። የምንለማመደው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከ6፡30 እስከ 8፡00 አዳራሽ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ጾመኞች ናቸው።

የማጠፋው ነገር ካለ ሳትደብቁ ንገሩኝ። መድረክ ለማሳመር ብዬ የልጅ ድምፅ ማበላሸት አልፈልግም።

አልቶ ከፒያሳ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15)

መምህር፣ ሹክሹክታውን ዛሬውኑ ያስቁሟት። እባክዎን። እኔም ድምፄ የተዘጋ ጊዜ እንዲሁ ተብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንሾካሹክ ከርሜ ነው የባሰብኝ። ሰው ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ጨምቆ አየር ይገፋል፣ ብዙ ሰው ላይ ከተራ ንግግር ይልቅ ያደክማል። ወይ ጭራሽ ዝም ትበል፣ ወይ ደግሞ በለመደችው ድምፅ ቀስ ብላና አሳጥራ ታውራ።

ሌላው ደግሞ እህህ እያሉ ጉሮሮ መጥረግ ነው። የሻከረው ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ እኔም አደርገው ነበር። አክታ ያለ ይመስላል፣ ሲጠርጉት ለደቂቃ ይቀላል፣ ወዲያው ይመለሳል። በጠረጉ ቁጥር ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በኃይል ይላተማሉ፣ ያ ደግሞ ያሳብጣቸውና እንደገና ጥረግ ጥረግ ይላል። ሲመጣባት ምራቋን ትዋጥ፣ ወይ ውሃ ፉት ትበል።

ነርስ ካዛንቺስ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ነርስ ነኝ፣ ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ልጅቷንም አላየኋትም። የማውቀውን ልበል።

የድምፅ አውታር የምንለው ማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች ነው። በአዋቂ ሴት ርዝመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ኪቦርድ ላይ ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለውን ላ ስትዘምር በሰከንድ 440 ጊዜ ይገጥማሉ፣ ይለያያሉ። በደቂቃ 26,400 ጊዜ ማለት ነው። ሶፕራኖ ደግሞ ከዚያም በላይ ትወጣለች። ይህን ያህል ሲመታ የዋለ ነገር ያብጣል። ያበጠ አውታር ደግሞ ደንበኛ አይገጥምም፣ በመሃሉ አየር ያመልጣል። መምህር፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አየር ብቻ ይወጣል ያሉት ይህ ይመስለኛል።

ሳታርፍ ከቀጠለች እብጠቱ ይጠነክራል። ዶማ የሚይዝ ሰው መዳፉ ላይ መጅ ያወጣል አይደል? አውታሩም በሁለቱም በኩል፣ እርስ በርስ በሚነካኩበት ቦታ ላይ እንደዚያ ያወጣል። ኖዱል ይባላል። ደግነቱ አብዛኛው በዕረፍትና በድምፅ ሕክምና ይመለሳል፣ ቢላ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው።

አያመኝም ማለቷ አያዘናጋዎት። የድምፅ አውታር ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ምልክቱ ድምፁ ራሱ ነው። መሻከሩ ከሦስት ሳምንት ካለፈ የግድ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ይያት። በቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ወይም በአፍ በኩል ገብተው አውታሩን ያዩታል፣ አያስፈራም። እንደ እሷ ሶሎ የያዘች ልጅ ከሆነች ግን ሦስት ሳምንት ባትጠብቅ ጥሩ ነው። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገራት፣ ደም ካየች፣ ወይም እየዘመረች ሳለ ድምፅዋ ድንገት ቀጥ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን።

ለጥንቃቄ ሁለት ነገር ልጨምር። በመዝሙር ቀን ለራስ ምታት አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይዋጥ፤ ደም ያቀጥናሉ፣ የደከመ አውታር ውስጥ ያለች ትንሽ የደም ሥር ብትፈነዳ ደም ይፈስሳል። ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ከረሜላ መጦ መዘመርም አይሆንም፣ አካሉ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይሸፍናል። አስም ኖሮባት የሚነፋ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከነፋች በኋላ በውሃ ትጉመጥመጥ፤ እሱም ያሻክራል።

እናት ስድስት ኪሎ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

እኔ እናቴ ጥሬ እንቁላል በማር መትታ እየሰጠችኝ ነው ያደግሁት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት 14 ዓመት ዘምሬአለሁ፣ ድምፄም ምንም አልሆነ። ተልባም ያለሰልሳል። ቅቤም። የአገር ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ባይናቅ እላለሁ።

ድምፅ አስጠናለሁ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

እማዬ፣ ማንም አልናቀም። ግን አንድ ነገር ላስረዳ። የምንውጠው ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚሄደው፣ የድምፅ አውታር ያለው በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። ስንውጥ ያ በር ይዘጋል። እንቁላሉም፣ ተልባውም፣ ቅቤውም፣ ውሃው ራሱ አውታሩን ሳይነካ ያልፋል። ትን ሲለን እንኳ ምን ያህል እንደሚያስለን ያውቁታል።

ስለዚህ ውሃ የሚጠቅመው በዙሪያው ነው፤ ሰውነት ገብቶ፣ በደም ዞሮ፣ አውታሩን የሚሸፍነውን ቀጭን እርጥበት ያቀጥነዋል። ሰዓታት ይፈጃል። መድረክ ልንወጣ ስንል የምንጨልጠው ጠርሙስ ለአፍ ድርቀት እንጂ ለድምፅ አይደርስም፣ ለዛሬ ማታ መዝሙር ውሃው የሚጠጣው ከትናንት ጀምሮ ነው። ማርና ትኩስ ነገር ሳልን ያስታግሳሉ፣ ሳል ከቀነሰ አውታሩ ያርፋል፣ ስለዚህ የእናትየዋ ዝንጅብል በማር ይቀጥል። ጥሬ እንቁላሉን ግን ይተዉት፣ ሆድ የሚያመርዝ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

አውታሩን በቀጥታ የሚያገኘው የምንተነፍሰው እንፋሎት ነው። ባሕር ዛፍ ሳይጨመርበት፣ የውሃ እንፋሎት ብቻ፤ ባሕር ዛፉ አንዳንዱን ሰው ይቆጠቁጠዋል። ለልጅ የፈላ ድስት ላይ ጎንበስ ማለት አደጋ ስላለው እኔ የማዝዘው ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ አፍና አፍንጫ ላይ ይዞ መተንፈስን ነው። በጋ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደረቅ የአዲስ አበባ አየር፣ በዚያ ላይ በየመንገዱ በሚነሣው አቧራ፣ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ኪቦርዲስት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10)

አዳራሹ ምን ዓይነት ነው? ኪቦርድ አለ? ስፒከሩ የት ነው የቆመው? ስንት ጊዜ ትደጋግማላችሁ?

የአራት ኪሎው መምህር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሹክሹክታውን ዛሬ አስቁሜያለሁ። ለልጅቷ ደብተር ሰጥቻታለሁ፣ እየጻፈች ታወራለች።

አዳራሹ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ኪቦርድ አለ፣ ስፒከሩ ከልጆቹ ጎን ነው። በምሳ ሰዓት ግቢው በሙሉ ጫጫታ ነው፣ ከአጥሩ ውጭም ቁፋሮ አለ። ትናንት አንዱን አዝማች ስቆጥረው 11 ጊዜ አዘምሬያቸዋለሁ፣ ሁሉንም በሙሉ ድምፅ። «አልተሰማም፣ ጨምሩ» እያልኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

ኪቦርዲስት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00)

ያው ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል። ከመቶ ዓመት በፊት ነገሩን ባጠናው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የሎምባርድ ውጤት ይባላል። ልጆቹን «አትጩኹ» ብትላቸው እንኳ ስፒከሩ እየጮኸ ሊቀንሱ አይችሉም። ስፒከሩን ከፊታቸው አድርገህ ወደ እነሱ መልሰው፣ ድምፁን በግማሽ ቀንስ። አንዱ የሌላውን ድምፅ ሲሰማ ራሳቸው ይቀንሳሉ። ከዚያ ኪውን፣ ማለትም ዜማው የሚነሣበትን የድምፅ ከፍታ፣ እየው። ልጅቷ የምትቸገርበት ኖታ ላይ ሁልጊዜ የምትጨነቅ ከሆነ አንድ ድምፅ አውርደው። ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ አለ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች መጫን ነው። ዜማው አይጎዳም።

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35)

መምህር፣ እኔ ዜማ ቤት ነው ያደግሁት፣ ጎጃም፤ አሁን ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ይህን ሳነብ አንድ ነገር ታወሰኝ። ማሕሌት ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ሽማግሌዎቹ ሊቃውንት ግን ሲነጋ ድምፃቸው አለ። ለምን? ቀኝና ግራ ሆነው ስለሚቀባበሉ ነው። አንዱ ወገን ሲል ሌላው ይሰማል። መሪው ያነሣል፣ ተመሪው ይቀበላል። ዕረፍቱ እዚያው ሥርዓቱ ውስጥ ተሠርቷል። የኔታ አንዱን አስቀድመው ያስብሉታል፣ ሌሎቻችን ከበን እንሰማለን፣ ግማሹን ያጠናነው በጆሯችን ነው።

ደግሞ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች አንዱ ደረት ይባላል፣ ድምፅን ወደ ታች፣ ወደ ደረት አውርዶ ማለት ነው። ላይ ላዩን ብቻ የሚሄድ ዜማ የለንም፣ ይወጣል ይወርዳል። እርስዎም ልጆቹን ለሁለት ይክፈሏቸው። አሥራ ሰባቱ ሲዘምሩ አሥራ ሰባቱ ይስሙ። አሥራ አንድ ጊዜው አምስት ተኩል ይሆንላቸዋል።

ረዳት የነበርኩ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10)

ጽፌ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። ቴነር ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ላይኛውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሥራ ሳጣ ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ላይ ረዳት ሆንኩ፣ ሁለት ዓመት። ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽት፣ አንገት በመስኮት ወጥቶ፣ ጭስ እየዋጥኩ። ማታ ደግሞ ልምምድ እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሲዘጋ እያደረ ይመለስ ነበር፣ ልክ አንተ እንዳልካቸው አራት ሴቶች። በሁለተኛው ዓመት መመለሱን ተወ። ሐኪም ቤት አልሄድኩም፣ ጉንፋን ነው እያልኩ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስዘምር ባስ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) ነህ ይሉኛል፣ እኔ ግን ባስ አልነበርኩም።

ልነግርህ የፈለግሁት ይህን ነው። እኔን የጎዳኝ ልምምዱ አልነበረም፣ ቀኑ ነው። ልጅቷ ካንተ ጋር የምትሆነው በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ነው። የቀረውን ሰዓት በድምፅዋ ምን እንደምትሠራ ጠይቃት።

ባስ 12ኛ ክፍል (ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20)

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ታናሽ ወንድሜ 8ኛ ክፍል ነው፣ ድምፁ እየጎረነነ ነው፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ይሰበራል። የኳየር ኃላፊያቸው ግን እስከ ፋሲካ ሶፕራኖ ላይ ቆይ ብለውታል፣ እየጮኸ ነው የሚያወጣው። ይህ ችግር አለው?

ድምፅ አስጠናለሁ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00)

አለው። በዚያ ዕድሜ የወንድ ልጅ ማንቁርት በፍጥነት ያድጋል፣ አውታሩ ይረዝማል፣ ይወፍራል፣ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ) ያህል ይወርዳል። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። መዘመሩን አያቁም፣ ግን በሚመቸው ትንሽ ክልል ውስጥ፣ በቀስታ። የማይመጣውን ኖታ አፉን ዘግቶ ያሳልፈው። ኃላፊያቸውን በአክብሮት አነጋግራቸው፣ ምናልባት አላስተዋሉም ይሆናል። ወንድምህንም በመሰበሩ እንዳታስቁበት፣ ብዙ ወንዶች መዘመር ያቆሙት በዚያ ዓመት በተሳቀባቸው ሳቅ ነው።

መምህር፣ ስለ ማሟሟቅ ማንም አላነሣም። ልጆቹ ሲገቡ ወዲያው ዜማ ነው የሚጀምሩት? አሥር ደቂቃ ይስጧቸው። ከንፈር እንደ ፈረስ እያርገበገቡ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መንሸራተት። አፍ ዘግቶ እምምም ማለት። እኔ ከሁሉም የምወደው ስትሮ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ስትሮውን ሁለት ጣት ያህል ማስገባትና ኡኡኡ እያሉ አረፋ ማስነሣት፣ ከዚያ የዜማውን መስመር በዚያው በስትሮው መዘመር። የአየሩ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ አውታሮቹ ሳይላተሙ እንዲንቀጠቀጡ ያግዛል። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው፣ ጥቅሙን ግን ያዩታል። ግጥም ለማጥናት ሲሆን ደግሞ በሙሉ ድምፅ አይሁን፣ በዝግታ ወይም አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ሙሉ ድምፅ በሳምንት አንዱን ቀን ብቻ።

መንዙማ ወዳጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20)

የጾሙ ነገር ተዘለለ። መምህር፣ 6፡30 ላይ የሚዘምር ጾመኛ ውሃ ከቀመሰ ስንት ሰዓቱ ነው? እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው ልጅ ከማታ ጀምሮ አልጠጣም። በረመዳን ሙስሊሞቹም እንዲሁ፣ እኛ እስከ መግሪብ ነው። እኛ መንዙማ የምንለው ማታ፣ ካፈጠርን በኋላ፣ ውሃ ጠጥተን፣ ትንሽ ቆይተን ነው። ደረቅ ጉሮሮ ላይ ጩኸት መጨመር ግፍ ነው። ሰዓቱን ይቀይሩት።

አንድ ነገር ደግሞ። ጾም ሲፈታ በርበሬ የበዛበትን ጠግቦ ወዲያው መተኛት አለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬ እንደ አሸዋ ይሆን ነበር፣ ሐኪም ያለኝ የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ እየወጣ ማንቁርትህን ይነካዋል ነው። እራቴን ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት አደረግሁት። ለቀቀኝ።

የአራት ኪሎው መምህር (ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ዛሬ ልጅቷን አስቀምጬ ጠየቅኳት። ቀንሽን ከጠዋት ጀምሮ ጻፊልኝ አልኳት። ጻፈች።

የክፍል አለቃ ናት። ከ50 በላይ ተማሪ። መምህር ሲዘገይ «ዝም በሉ» እያለች የምትጮኸው እሷ ናት፣ በየክፍለ ጊዜው መሃል። ከትምህርት በኋላ እናቷ ጋ ሄዳ መንገድ ዳር ሸቀጥ ትጣራለች፣ እስከ ማታ 1 ሰዓት። በምሳ ሰዓት ባዶ ሆዷን እኔ ጋ መጥታ 11 ጊዜ። ይህን ሁሉ ጊዜ አብሬያት ሆኜ ይህን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ረዳት የነበርክ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።

እናቷን ደውዬ አነጋግሬያለሁ፣ ሰኞ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። አለቅነቱን ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ተነጋግረን ለሌላ ልጅ ሰጥተናል፣ ለአዲሱም ልጅ ፊሽካ ገዝቼለታለሁ። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ፤ አንዱ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ጾመኞቹ ከፈቱ በኋላ፣ ሌላው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት።

አልቶ ከፒያሳ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40)

መምህር፣ ደስ ብሎኛል። ከሐኪም ሲመለሱ ይንገሩን። ሶሎውን ግን ለጊዜው ከእሷ አይንጠቁ፣ ሌላ ልጅ አብራት ታጥና። ድምፅ ያጣ ሰው ቦታውንም ሲያጣ ተደብቆ መዘመር ይጀምራል፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ደግሞ ሚያዝያ 8 የዓለም የድምፅ ቀን ነው፣ ያን ሳምንት ከልጆቹ ጋር ስለዚህ ብታወሩበት ጥሩ ነው።

የአራት ኪሎው መምህር (ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡00)

ቃል ስለገባሁ ተመልሻለሁ። በካሜራ ታየች። በሁለቱም በኩል ትንሽ እብጠት አለ፣ ገና ለስላሳ ነው፣ አልጠነከረም ተባለ። ሁለት ሳምንት መዝሙር ተከለከለች፣ ከዚያ የስትሮ ልምምድ፣ በቀን አምስት አምስት ደቂቃ። እናቷ ሸቀጡን የምትጣራበት ካርቶን ላይ ዋጋውን በትልቁ ጽፋለች፣ ልጅቷ ዝም ብላ ትሸጣለች።

አራቱ ሶፕራኖዎች ከልምምድ በኋላ መዘጋት አቁመዋል። ስፒከሩ ዞሯል። በቀኝና በግራ እየተቀባበልን ነው የምናጠናው፣ የሚሰማው ወገን የሌላውን ስህተት ስለሚይዝ እንዲያውም ፈጥነን ጨርሰናል።

ሶሎውን አንድ ድምፅ አውርደነዋል። የመጀመሪያውን ስንኝ እሷ፣ ሁለተኛውን ጓደኛዋ ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ሳይሰበር ወጣ። ሲያልቅ ልጆቹ አላጨበጨቡም፣ ዝም ብለው አዩዋት። እሷም ደብተሯን አውጥታ «ሰማችሁ?» ብላ ጻፈች፣ ማውራት የተፈቀደላት መሆኑን ረስታ።

ረዳት የነበርኩ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡25)

የወላጆች ቀኑ መቼ ነው? እንግዳ ይገባል?

የአራት ኪሎው መምህር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡40)

የሚመጣው እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ቦታውን በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ። በሩ ላይ እኔ ራሴ እጠብቅሃለሁ።